የሙሴ ጋኤታን ስምንተኛ ጣት

እያንዳንዱ ከተማ አንድ የሙዚቃ ዳኛ አለው። የሾመው የለም፣ የሚሽረውም የለም። እናንተ ከተማ የሌለ ከመሰላችሁ ወይ ሙዚቃ ቤት ገብታችሁ አታውቁም፣ ወይ ዳኛው ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው፣ የኬቤኳ ከተማ የትሯ ሪቪየሩ፣ ክቡር ሙሴ ጋኤታን ላፍራምቧዝ ይባላሉ፤ «ሙሴ» በእኛ ፈረንሳይኛ «አቶ» እንደ ማለት ነው። በወረቀት ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ፣ በበረዶውም በሙቀቱም አንድ የጂንስ ጃኬት የሚለብሱ ሰው ናቸው። የእሳቸው ችሎት የሚያየው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ባንድ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ነው ወይስ አይደለም? እኛ ኬቤኮች ዘንድ ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በወላጆቻችን ወጣትነት አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ይዞ፣ ምቱ እየተቀያየረ ሲሄድ፣ ሰዉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በዝምታ ያዳምጥ ነበር። ሙሴ ጋኤታን ከዚያ ሶፋ ላይ እስካሁን የተነሱ አይመስለኝም።

ፍርድ የሚሰጡት በጣታቸው ነው። ባንድ ሲጫወት ፊት ለፊት ይቆሙና ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ምቱን ይቆጥራሉ። እንደ ተራ ዘፈን ሁሉ በየአራቱ ከተመለሰ፣ ያ ባንድ አበቃለት። አሥራ አንድ ከደረሰ አጠገባቸው ከቆመው ሰው አንድ ጣት ይዋሳሉ። ከዚያ በሸክላ ቤቱ ውስጥ ፍርዱ ይፈጸማል፦ የወደቀውን ባንድ ሸክላ ከፕሮግሬሲቭ መደርደሪያ አውጥተው ኦልተርኔቲቭ ሮክ በሚባለው፣ የተራረፈው ሁሉ በሚገባበት መደርደሪያ ውስጥ ይወሽቁታል። ባለሱቁ መጀመሪያ ተጣላቸው፣ ቀጥሎ ለመናቸው፣ አሁን ወንበር አምጥቶላቸዋል።

«ደህና ነው፤ ግን በአራት ነው» የማይሉት ነገር የለም። ስለ ከንቲባው ንግግር ብለዋል። በገዛ ወንድማቸው ቀብር ላይ ኦርጋን የምትጫወተው ሴትዮ ጨርሳ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ቆንጆ ነው፤ ግን በአራት ነው» አሉኝ። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።

እኔ «እርጥብ ካልሲ» በሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ሦስት ነን። ኦዲል ትዘፍናለች፣ ጊታርም ትጫወታለች፤ ፊርመን ከበሮ ይመታል። አራተኛችን የፊርመን እናት አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ማይክራፎን ከተን እናስጮኸዋለን። ጋዜጣው «የሙከራ ኦልተርኔቲቭ ሮክ» ብሎ ጠርቶናል፤ ሙሴ ጋኤታን ጽሑፉን ቆርጠው ደጋግመው አሳይተውኛል።

እሳቸው በየነሐሴው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የፕሮግሬሲቭ ቀን ያዘጋጃሉ። አምስት ባንድ ይመረጣል፤ መራጩ እሳቸው፣ ይግባኝ ሰሚውም እሳቸው ናቸው። ስድስት ዓመት አመለከትን፣ ስድስት ዓመት «ገና ናችሁ» ተባልን። ለምን ይህን ያህል እንደፈለግሁት እናገራለሁ፣ አላፍርበትም። አባቴ ያሳደገኝ በዚያ ሙዚቃ ነው። የምንጫወተው ነገር ምንም ቢንጫጫ የዚያ ልጅ መሆኑን ሰው እንዲመሰክርልኝ ፈልጌ ነበር፤ ከሰውም እኚህ ሰው። ሦስተኛው ዓመት ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ።

ያላደረግነው የለም። አጭር ነው ሲሉን የሃያ ሁለት ደቂቃ ዘፈን ሠራን፤ ሰምተው ሲጨርሱ «ይሄ ረጅም ኦልተርኔቲቭ ነው» አሉ። ዋሽንት ጨመርን፤ ዋሽንቱን በአዘኔታ አዩት። ኦዲል እንደ ድሮዎቹ ፕሮግሬሲቮች መሬት የሚጠርግ ወርቃማ ካባ ሰፍታ ለብሳ ብትወጣ፣ በርዷት እንደሆነ ጠየቋት። በሰባት ምት የሚሄድ ዘፈንም ጽፈን አቀረብን። እሱን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ለእሳቸው ተብሎ የተቆጠረ መሆኑ ያስታውቃል አሉ።

በሰባተኛው ዓመት እልህ ያዘን። ከዳር እስከ ዳር በአራት በአራት የሚሄድ፣ ጨቅላ ሕፃን የሚያጨበጭብለት ዘፈን ሠራን። አንዱ ዙር ስምንት ምት ነው፤ አራት፣ ከዚያ ሌላ አራት፣ አለቀ። በሰኔ፣ በወንዙ ዳር በሚደረገው የጎዳና በዓል፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ልናናድዳቸው ይዘነው ወጣን። ሙሴ ጋኤታን ቦታቸው ላይ ነበሩ። እጃቸው ነፃ እንዲሆን ፑቲን የምንለውን፣ አይብና መረቅ የፈሰሰበትን የድንች ጥብሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና መቁጠር ጀመሩ።

ዘፈኑ መሃል ላይ የፊርመን የከበሮ መምቻ ከእጁ አምልጦ ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ሌላ አንስቶ ሲመለስ አንድ ምት ቀድሞ ገባ። አየኝ፤ ደንግጧል። ላርመው ብል መሳሳቱን ያ ሁሉ ሰው ያውቅበታል። እኔም ያችን ምት ዘለልኳት። ኦዲል ከግጥሙ መስመር ጫፍ አንድ ቃል ቆረጠች። በሚቀጥለው ዙርም እንደዚያው ዘለልን፣ በሚቀጥለውም፣ እስከ መጨረሻው። የሙሴ ጋኤታን ስምንተኛ ጣት በግማሽ ተዘርግታ አየር ላይ ቀረች።

እንደጨረስን ከመድረኩ ጀርባ መጡና ነሐሴ ላይ ሌላ ሥራ እንዳንይዝ ነገሩን። ኦዲል ጊታሯን ጣለች።

«ስህተት እኮ ነው፣ ሙሴ ጋኤታን» አልኩ። «ዘፈኑ በአራት ነው። ፊርመን ስቶ ነው።»

«መምቻው እኔ ጫማ ላይ ነው የወደቀው፣ ልጄ።» ከኪሳቸው አውጥተው ለፊርመን ሰጡት። «እሱ ሲሳሳት ሁለታችሁም ተሳሳታችሁለት። እኔ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ይሄንን ነው። ፕሮግሬሲቭ ናችሁ፤ ተዘጋ።»

ይህን ቀን ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። ግን «ተዘጋ» ሲሉ ፈራሁ። ሙሴ ጋኤታን አንዴ ያሳለፉትን ባንድ ተመልሰው አይሰሙትም፤ መዝገቡን ዘግተው ወደሚቀጥለው ተከሳሽ ይሄዳሉ። እኛ ጋ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዝናብ፣ አራት ሰው ብቻ በመጣበት ቀን ሳይቀር አንድም ዝግጅት አልቀሩም። እናቴ እንኳ ቀርታ ታውቃለች። እያንዳንዷን ምታችንን ቆሞ የሚቆጥር ሌላ ማን አለን?

«አይደለንም» አልኩ።

ፊርመን እግሬን ረገጠኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉኝ ሙሴ ጋኤታን።

«ኦልተርኔቲቭ ነን። ልብስ ማጠቢያ የሚያስጮህ የትኛው ፕሮግሬሲቭ ነው?»

የክቡርነታቸው ጢም ተንቀጠቀጠ። ነፃ የተለቀቀ ሰው ይግባኝ ሲል አይተው አያውቁም። በእሳቸው መድረክ ኦልተርኔቲቭ ወጥቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ፤ እንግዲያው አንወጣም አልኳቸው። እሳቸው «ናችሁ»፣ እኔ «አይደለንም» እየተባባልን ፑቲኑን የወንዙ ወፎች ጨረሱት።

«ታዲያ ማስታወቂያው ላይ ምን ብዬ ልጻፋችሁ?» አሉ በመጨረሻ፣ ደክሟቸው።

«አልተወሰነም ብለው ይጻፉ።»

ነሐሴ ላይ በምድር ቤቱ በር አምስት ባንዶች ተዘረዘሩ፤ ከእነሱ በታች የእኛ ስም፣ አጠገቡ በእጃቸው «አልተወሰነም» ተብሎ ተጽፏል። ተጫወትን፣ እሳቸውም ቆጠሩ። ስንወርድ ግንባራቸውን ቋጥረው መጡና ግማሹ እንዳሳመናቸው፣ ግማሹ ግን በድጋሚ መታየት እንዳለበት ነገሩኝ። ቀጥሎ የምንጫወተው መቼና የት እንደሆነም ጠይቀው መዳፋቸው ላይ ጻፉት። እኚህ ሰው በሕይወት እስካሉ ድረስ እርግጠኛ እንዳይሆኑ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ።