የበቆሎው ድንኳን

ሀገር በጥናት እንጂ በዝናብ ብቻ እንደማያድግ የሚጠራጠር ካለ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ የወይዘሮ ንግሥቴን ጓሮ ሊጎበኝ ይገባዋል። አሁን እዚያ የሚታይ ነገር የለም። ቢሆንም ይገባዋል።

ንግሥቴ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። እስከ መኸር የምታሻግራቸው ያቺ የጓሮ በቆሎ ብቻ ናት። በዚያ ክረምት ዝናቡ አማረና በቆሎዋ እንደ ሙሽራ ተሸለመች። እሳቸውም ማለዳ ማለዳ ወጥተው እያዩዋት “ተመስገን” ይላሉ። ተመስገን ግን ጥናት አይደለም።

የሰብል ባለሙያው አቶ ደረሰ አንድ ስልጠና ላይ ተቀምጠው፣ ብርሃን የቀነሰለት ሰብል ውሃውን ቶሎ ስለማያባክን ድርቅን የተሻለ እንደሚችል ሰሙ። ብርሃኑ ምን ያህል ይቀነስ የሚለው ከሻይ እረፍት በኋላ ነበር። አቶ ደረሰ ከሻይ እረፍት አልተመለሱም።

ለሙከራው ሁለት ግብዓት ያስፈልግ ነበር፤ ጥላና ድርቅ። የጥላ መረቡ ግዥ “በሂደት ላይ” ነው። ድርቁ ደግሞ ያን ዓመት ከወረዳው ጭራሽ ጠፍቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ በቆረጠ። አቶ ደረሰ ግን የእድሩን ትልቁን ድንኳን ተውሰው በንግሥቴ በቆሎ ላይ ተከሉት። ሸራው ፀሐዩንም ዝናቡንም አንድ ላይ ከለከለ። የሀብት ቁጠባ ማለት ይህ ነው።

“አቶ ደረሰ፣ እግዜር የሰጠውን ዝናብ ምነው ነፈጓት?” አሉ ንግሥቴ።

“ድርቅ እንድትችል ነው፣ እናቴ።”

“ድርቁስ የት አለ?”

“እሱን እኛ እናቀርባለን።”

ንግሥቴ ከመንግሥት ሰው ጋር መከራከር ከበዳቸው። ግን ሰው ዞር ሲል በጆግ ውሃ እየቀዱ ያጠጧታል። ይህ በጥናቱ አልተካተተም።

የገበያ ቀን ሲሆን በቡሬ መንገድ የሚያልፈው ሰው የእድር ድንኳን ቆሞ አየ። ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ ከሩቁ ወየው እያለ ይገባ ጀመር። የንግሥቴ አበልጅ ወለተ ሥላሴም ደረታቸውን እየደቁ ደረሱ።

“ማን ነው የሞተብሽ፣ አበልጄ?”

“ማንም። በቆሎዋን ትንሽ አሟት ነው።”

ወለተ ሥላሴ ጎንበስ ብለው ገቡ፣ የገረጣውን ቅጠል ዳሰሱ፣ “እንግዲህ ምሕረቱን ይላክላት” ብለው ወጡ። አቶ ደረሰ በሪፖርታቸው “የማኅበረሰብ ተሳትፎው ከዕቅድ በላይ ሆኗል” ሲሉ አሰፈሩ።

የጉብኝቱ ቀን እንግዶች ከፍኖተ ሰላም መጡ። በቆሎዋ፣ ዕድሜ ለጆጉ፣ እንደ ምንም ቆማለች። እሸትም ይዛለች። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ እንድሪያስ ደጅ ላይ ድምፅ ማጉያውን ጨበጡ።

“ክቡራን እንግዶቻችን! ዛሬ ድርቅ በዚህች ጓሮ ድል ተነሥቷል። የዚህች በቆሎ አባቷ ማን ነው ብትሉኝ፣ አቶ ደረሰ ናቸው!”

ጭብጨባው ሳያልቅ ዶፉ ወረደ። ድርቅ ድል የተነሣበትን ንግግር ሲሰሙ የነበሩት እንግዶች፣ ኃላፊውን አስቀድመው፣ ወደ ድንኳኑ ሮጡ። ድንኳኑ ለሰው የተሰፋ ነውና ሁሉንም ቻለ። በቆሎዋ አልቻለችም። ዝናቡ ሲያባራ ቆሞ የቀረ አገዳ አልነበረም።

አቶ ደረሰ ጫማቸውን በቅጠል እየጠረጉ ማጠቃለያውን ለኃላፊያቸው አሰሙ። ሰብሏ ድርቅን በሚገባ ተቋቁማለች፤ ጉብኝትን የመቋቋም አቅሟ ግን ተጨማሪ ጥናት ይሻል።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊነቅሉ መጡ። ንግሥቴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና በተረገጠው አገዳ መካከል ተቀመጡ።

“ተዉት፣ ይቆይ። ያኔ ሰዉ ቀድሞ መጣ እንጂ ለቅሶው ዛሬ ነው።”

ከዚያ እግራቸውን ወደ መኪናው ያነሡትን ባለሙያ ቀና ብለው አዩ።

“አቶ ደረሰ፣ እርስዎስ ወዴት? ከፊት ይቀመጡ እንጂ፤ አባቷ አይደሉ?”