ጥንብ አንሳ ሁዳዴን ሲጾም

አምሮ የተፈጠረ ወዳጅ አያጣም። ዋልያ ጠፋ ቢባል አገር ያዝናል፤ ቀይ ቀበሮ ቢታመም ሐኪም ይላክለታል። ጥንብ አንሳ ግን፣ እናንተዬ፣ በዚያ በራ ራሱ ማን ደጅ ይጥናለት? የእኔዋ ልጅ ሜሮን ናት የደረሰችለት፤ ወፎችን የሚጠብቅ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ተቀጠረች። ጎረቤቴ አስካለ፣ "አስተምረሽ አስተምረሽ ለጥንብ አንሳ ዳርሻት" ብላ ስቃብኛለች።

እኔስ ደስ ብሎኛል። ሰፈራችን ጎሮ ገና እርሻ ሳለ፣ እኔም ሙሽራ ሳለሁ፣ ጥንብ አንሳ ሰማይ ላይ ከዞረ የአንዱ ቤት በሬ ሞቷል ማለት ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቀና ብሎ አቅጣጫውን ያይና ጋቢውን ደርቦ ሊያጽናና ይወጣል። ጠሪ አይጠብቅም። ዛሬ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲሞት የምንሰማው በቴሌግራም ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ለወፎቹ የቀረቻቸው ከአያት ሰፈር ወዲያ ያለች አንዲት አሮጌ ቄራ ናት፤ እሷም ልትዘጋ ነው። ሜሮን የሚመገቡበት ቦታ እንዲከለልላቸው የውጭ ለጋሾችን ገንዘብ ጠየቀች። እነሱም መጀመሪያ ወፎቹን በዓይናችን እንይ አሉ። ገንዘቡ ከቀረ ማኅበሩ ይዘጋል፤ ልጄም ቤት ልትውል ነው።

በቀጠሮው ቀን ምሳ ቋጥሬ አብሬ ሄድኩ። ሰማዩ ባዶ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ሲያዩ ምሳውን ፈታሁ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ሜሮን ምሳውን አየች፣ ሰማዩን አየች።

"እማዬ፣ ሁዳዴ ነው እኮ። ማን አርዶላቸው ይመጣሉ?"

ሁለታችንም እየጾምን ሁለታችንም አላሰብነውም። ሜሮን ቄራው በጾም እንደሚዘጋ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሸበቶዋ፣ ሰማዩን ብዙ አየችና፣ "ቄራው ሲዘጋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት ነው?" አለች።

"አዎ፣ ሁልጊዜ።"

ገንዘቡ ተፈቀደ። ወፎቹ ሞልተው ቢያገኟቸው ኖሮ፣ ምን ጎደላቸው ብለው ይሄዱ ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ታዲያ፣ ልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች ለወፎቿ ሥጋ ታሳድዳለች። አስካለ ለንስሐ አባታችን አደረሰችልኝ፤ "ሜሮን በጾም ሥጋ ስታስጭን አየኋት" ብላ። አባም አስጠሩኝ።

"አባቴ፣ እሷ ጾመኛ ናት፤ ወፎቿ ናቸው ክርስትና ያልተነሡት" አልኳቸው።

ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "እንግዲያስ ይብሉ" አሉ። "ሥጋውን ስትጭን ግን ሸፈን ታድርገው፤ እኛም ሰው ነን።"