የውሰት ናሙና

[ፀጉር ቤት ነው፤ ጠዋት፣ ደንበኛ ገና አልመጣም። ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። ሌላው ያላየውን እሱ አይቷል፣ ሌላው ያልሰማውን ሰምቷል፤ ቢያንስ አፉ እንደዚያ ይላል። ዛሬ ግን የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። የጎረቤቱ ሱቅ ጫማ ሰሪ ከመስታወቱ ፊት ተቀምጦ ይቁለጨለጫል። ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የአራት ልጆች አባት ነው።]

ሊቁ፦ ናሙናውን በየትኛው ኪስህ ነው ያመጣህልኝ?

ጫማ ሰሪው፦ በቀኝ።

ሊቁ፦ ኧረ ጉድ! ልብ ያለው በየት በኩል ነው?

ጫማ ሰሪው፦ በግራ።

ሊቁ፦ ሙቀቱስ?

ጫማ ሰሪው፦ እኔን ሁሉም ጋ ይሞቀኛል።

ሊቁ፦ አበላሸኸው በለኛ! በሰውነት ሙቀት ይምጣ ተብሎ፣ አንተ ቀዝቃዛው ኪስ ከተህ ገደልከው!

ጫማ ሰሪው፦ የሱሪ ኪስ እኮ ነው። ሁለቱንም የሰፋው አንድ ልብስ ሰፊ ነው።

ሊቁ፦ [ወረቀቱን እያርገበገበ] ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? «የወንድ ዘር አልታየም»! አንድም!

ጫማ ሰሪው፦ [ፊቱ ይፈካል] አንድም የለም? ተመስገን!

ሊቁ፦ ትዳሬ ሊፈርስ ነው፣ አንተ ተመስገን ትላለህ?

ጫማ ሰሪው፦ የኔን ዘር ካንተ ትዳር ጋር ምን አገናኘው?

[ሊቁ በሩን ገርመም አድርጎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።]

ሊቁ፦ ሐኪሙ ባልም ሚስትም ይመርመሩ አለ። እኔ ፈራሁ። ያንተን የራሴ ብዬ አስገባሁ። አራት ልጅ ያለው ሰው መቼም አያሳፍረኝም ብዬ! አሁን ገባህ?

ጫማ ሰሪው፦ እኔ ደግሞ ለኔ የምታስመረምርልኝ መስሎኝ። አራተኛው ሲወለድ የዘር ቱቦዬን አስቋጠርኩ። ሐኪሙ «ከሦስት ወር በኋላ ተመርመር፤ አንድም ዘር መታየት የለበትም» ብሎኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላኝ። ሚስቴ «አስመርምርልኝ» ብላ የነገረችህ መስሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ አስቋጠርክ?! ምነው ሳትነግረኝ?

ጫማ ሰሪው፦ ልነግርህ አፌን ስከፍት «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ዝም ብለህ አምጣ» አልከኛ።

[ሊቁ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ ይላል።]

ጫማ ሰሪው፦ ሚስትህ ወረቀቱን አይታዋለች?

ሊቁ፦ ከኔ በፊት። ስድስት ዓመት ሙሉ ደም ስትሰጥ፣ ኪኒን ስትውጥ፣ ማህፀኗን ፎቶ ስትነሳ፣ እኔ «ችግሩ ያንቺ ነው» ስላት ኖርኩ። ትናንት አቅፋኝ አለቀሰች። «አይዞህ፣ እስከ ዛሬ አንተ ታግሰኸኛል፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አለችኝ። ለሰኞ የያዘችውን የሕክምና ቀጠሮም ሰረዘችው።

ጫማ ሰሪው፦ ውይ! በል ተነስና እውነቱን ንገራት፤ ሰኞ ሳያመልጣት።

ሊቁ፦ ቆይ፣ መላ አለኝ። ባለታክሲው ስድስት ልጆች አሉት…

ጫማ ሰሪው፦ እሱም አስቋጥሮ ቢሆንስ?

ሊቁ፦ ግንበኛውስ?

ጫማ ሰሪው፦ ስማኝ ወንድሜ። ይሄን ሁሉ ዘመን ጫማ ስሠራ፣ የጎረቤቱን እግር ያስለካ ደንበኛ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሊቁ፦ የኔም ባዶ ቢሆንስ?

ጫማ ሰሪው፦ ቢያንስ የራስህ ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ እንኳ የሚታከም አለ ብሎኛል ሐኪሜ። በሰው ናሙና ግን ማን ታክሞ ያውቃል?

[ሊቁ ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ይሰቅላል። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ይላል።]

ሊቁ፦ ምን ብዬ ልጀምር?

ጫማ ሰሪው፦ «ዋሽቻለሁ» ብለህ። ደግሞ በደንብ ተለማመድባት።

ሊቁ፦ ለምኑ?

ጫማ ሰሪው፦ [ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ እየከተተ] ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ነው የማድረው። ሚስቴ የምርመራ ወረቀት ሳላይ አላስጠጋህም ብላለች። ወረቀቱ ይኸው ተገኘ፤ ስሙ ግን ያንተ ነው። ስለዚህ ለሚስትህ የተናዘዝከውን፣ ማታ እኔ ቤት መጥተህ ለሚስቴ ትደግምላታለህ!