ሰዓት ሠሪው የደረት ቦርሳ ሲመርጡ

መጀመሪያ ያየሁት ጆሯቸውን ነው። የቦርሳውን ዚፕ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዝግታ ከፈቱት፤ በዝግታ ዘጉት። ዚፕ የሚጎትት ደንበኛ በየቀኑ አያለሁ፤ ዚፕ የሚያዳምጥ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

"ሦስተኛው ጥርስ ላይ ያነክሳል" አሉኝ። "ሌላ አምጣ።"

መራጭ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሱቅ የሌለበት ሰፈር ብቻ ነው። አንድ ሎሚ ለመግዛት ሻጩን የሚያስረጀው፣ ጫማ ሲለካ ሱቁን ዞሮ የሚጨርሰው፣ "ይቆይ እስቲ" ብሎ ወጥቶ "እስቲ ያንን" እያለ የሚመለሰው ሰው የትም አለ። የእነዚህ ሁሉ ሊቀ መንበር ግን የእኛ ክቡርነታቸው ናቸው። ሥራቸው ሰዓት መጠገን ነው፤ ሱቃቸው ከእኔ ቦርሳ መሸጫ ሁለት በር አልፎ። የጠገኑት ሰዓት ሦስት ቀን ዓይናቸው ሥር ካልሠራ ለባለቤቱ አይመልሱም። ይህንኑ ሕግ በቦርሳዎቼ ላይ አወጁ።

ጉዳያቸው ቀላል ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስም አለባቸው። ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ሐኪሙ ፈቅዶላቸው ቅዳሜ ማለዳ ሊወጡ ቆርጠዋል። ደረታቸው ሲጠብ የሚምጉት መድኃኒት እጅ ሥር መሆን አለበት፤ የጀርባ ቦርሳ እስኪወርድ ማን ይጠብቃል? ስለዚህ አብረዋቸው የሚወጡት ክቡርነታቸው በደረት የሚታነገት ቦርሳ ይፈልጋሉ። በሌላው ቀን ጉጠታቸውንና ማጉያ መነጽራቸውን ይዞላቸው ይውላል።

ሰኞ ዚፑ ካነከሰው ቀጥሎ ሰማያዊው ወደቀ። "ሰባት ኪስ! ኪስ ሲበዛ መድኃኒቱን ሳይሆን ኪሱን ስፈልግ ልውል ነው።" ማክሰኞ ግራጫው ተከተለ። "እግሬን ጋረደኝ። ቁልቁለት ላይ እግሬን ማን ሊያይልኝ ነው? አንተ?" ረቡዕ አረንጓዴውን እኔው ላይ አንግተው ሙሉ ቀን አዋሉኝ። ማንገቻው አንገት ይበላ እንደሆነ፣ በየሰዓቱ ብቅ እያሉ ማጅራቴን ይመረምራሉ። አንዲት ደንበኛ "ይኼ ስንት ነው?" ብትለኝ ከበሩ ላይ ጮኹ፦

"አይሸጥም! ፈተና ላይ ነው!"

ሐሙስ ጥቁሩን አነገቱ። ከቤት ያመጡትን ትርፍ መድኃኒት ከፊት ኪሱ ከተቱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በግራ እጃቸው አወጡት። በቀኛቸው ሰዓት ይዘዋል።

"አራት ሰከንድ። ይቆይ እስቲ።"

"ጋሼ፣ አራት ሰከንድ እኮ ምንም አይደለም!"

"ላንተ ነዋ፣ አየር ለሞላህ።"

ከዚያ በኋላ መሳቁን ተውኩት።

ዓርብ ከሰዓት መጥተው፣ መድኃኒቱን ከፊት ኪሱ ከተው፣ ያንኑ ጥቁሩን አነገቱ። ከዚያ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "ቅዳሜ ይቅር። ቦርሳ አልተገኘም" አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። የፈሩት ኮረብታውን ነው፤ ጥፋቱን የሚሸከሙት ግን የእኔ ምስኪን ቦርሳዎች።

ባለቤታቸው የስፖርት ጫማቸውን ከወዲሁ ተጫምተው ገቡ።

"ስንተኛው ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አምስተኛው፣ እትዬ።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔን በስንተኛው ነው የመረጥከኝ?"

"አንቺን መች መረጥኩ? ደነገጥኩ እንጂ።"

እትዬ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ትንፋሽ አሳጣቸውና ጠረጴዛዬን ያዙ። እኔ ውኃ ፍለጋ ስዞር መድኃኒቱ አፋቸው ደርሷል። የክቡርነታቸው ዓይን ከሚስታቸው ፊት አልተነቀለም፤ እጃቸው ብቻውን ሄዶ፣ ብቻውን ከፍቶ፣ ብቻውን አውጥቷል።

"አየህ?" አሉ እትዬ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ። "ሳቅም ያፍነኛል። ሳቅ ልተው እንዴ? እኔ ነገ ማለዳ ኮረብታው ላይ ነኝ። ትመጣለህ ወይስ ቦርሳውን ለዚህ ልጅ ላስይዘው?"

ክቡርነታቸው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንደ ሰማያዊው ቦርሳ ወደቅኩ።

"አትጠቅልለው" አሉኝ። "እንዳነገትኩት እሄዳለሁ።"

ሳምንቱን ሙሉ ፋታ የነሱኝ ሰው ሲሄዱልኝ እፎይ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ፣ ጃንጥላ ወይም ሻንጣ የሚያስፈልጋቸው ቀን መቼ ይሆን እያልኩ ነበር። እጅ ነፃ እንዲያወጣ የተሠራውን ቦርሳ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው አቅፈው መንገድ ያዙ። ጥቂት እንደሄዱ እትዬ የክቡርነታቸውን አንድ እጅ ከቦርሳው አላቀው ያዙት። ሌላው እጃቸው እስከ መታጠፊያው ድረስ ከዚፑ ላይ አልተነሣም።