ከእድሩ መዝገብ የሚጠፋው ስም

ዛሬ ሊነጋ ሲል በሕልሜ የእድራችን ቢሮ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ዘርጋው ከሞተ ሠላሳ ቀኑ ነው። እድሩ የአባላቱን ስም ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር እያዛወረ ስለነበር የእሱን እንዳያጠፉብኝ ልለምን ነው የሄድኩት። ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩን ድንኳን የተከለ ሰው ነው።

በሩን ስከፍት ስልኮች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ንፍሮ ይበላሉ። ሰዎቹ ደግሞ ግድግዳ ሥር ተጋድመው፣ ጣታቸውን ሶኬት ውስጥ ከተው ቻርጅ ይደረጋሉ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሰውም አሉበት።

«ጋሽ ደምሰው፣ የዘርጋውን ጉዳይ ብዬ...»

«ቆይ አልጋነሽ፣ ገና አሥራ ሁለት ፐርሰንት ነኝ።»

መጠበቁ አልከበደኝም። ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ጓጉቼ ዘለቅሁ። ኮምፒውተሩ ጥቁር ነጠላ ተከናንቦ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። የሰፈራችን አልቃሽ እማማ ውዴ ፊቱ ቆመው ያሠለጥኑታል። ከረጂ ድርጅት ሲመጣ ማልቀስ አይችልም ነበር አሉ።

«ወዮ ስንት ጊዜ ነው የሚባለው?» አለ ኮምፒውተሩ።

«እስኪወጣልህ።»

«ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

እማማ ውዴ ወደ እኔ ዞረው «ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሲያደርቀኝ ነው» አሉ።

ጠጋ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ዘርጋው እዚያ ውስጥ ነበር። በዚያ ክርኑ በተቀደደ ሹራቡ፣ የድንኳን ምሰሶ ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል፤ ከባድ ሲሸከም እንዲያ ነው የሚሆነው።

«ምን ጠፋህ?» አልኩት።

«መሬት። እዚህ ቤት መሬት የለም እንዴ አልጌ? ምኑ ላይ ልትከለው?»

ኮምፒውተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከአንድ ቤት ሁለት ስም አልይዝም። አንዱ መጥፋት አለበት።»

«እሱን እንዳትነካው።»

«ታዲያ ማንን ላጥፋ?»

«እኔን» አልኩ።

በጡሩምባ ድምፅ ነቃሁ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በመንገዱ እያለፈ የሟች ስም ይለፍፋል። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። የእኔ ስም ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስወጣ ደጄ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው። ጋሽ ደምሰው ስልካቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ስልካቸውን አዩ።

«አርፋለች ነው እኮ የሚለው» አሉ።

«እንግዲህ እንደሚያዩኝ ነኝ።»

«ትናንት ዘርጋው ላይ የሟች ምልክት ያደረግኩት እኔው ነኝ። መስመር ስቼ ይሆናል። ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ደግሞ አይስተካከልም። የፊታችን እሁድ ነው ስብሰባው። እስከዚያ ባትወጪ ይሻላል፣ ሰው ይደነግጣል።»

«የዘርጋውስ ስም ጠፋ?»

«እሱማ አለ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ቀብርሽ ላይ እንዲገኝ መልእክት ተልኮለታል።»