ሰላምታ የሚወድ ምላጭ

ሰው ስንፍናውን የሚሰቅልበት ሚስማር አጥቶ አያውቅም። እስክስታ ያልሆነለት ወለሉ ያዳልጣል ይላል። ወጥ ያረረበት ምድጃውን ይራገማል። እኔን ብትጠይቁኝ ደግሞ ፊደል ያልገባኝ የመንደራችን ትምህርት ቤት በሩ ፊት ለፊት ከፀሐይ ስለሚጋጠም ነው፤ ዓይኔን ያጨናብሰኝ ነበር። በበሩ ስንት ጊዜ ገባህ ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ። ልንጫወት እንጂ ልንመረማመር አልተቀመጥንም።

እዚህ ሎስ አንጀለስማ ሚስማሩ ከግድግዳው በዝቷል። የአበሻ ካፌና ሱቅ በሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሠርግ የቀረ፣ ለቅሶ ያልደረሰ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሚኖር ወንድሙን ዓመት ሙሉ ያልጠየቀ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ፓርኪንግ አጥቼ!» እኛም አንከራከረውም። ነገ ራሳችን እንፈልገዋለንና።

ስለዚህ ጋሼ መኮንን እዚያው ሁሌ ከምንውልበት ካፌ በራፍ ላይ ቆመው «ጥፋቱ የምላጩ እንጂ የእኔ አይደለም» ባሉ ጊዜ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ምላጭ ስል የጢሙን አይደለም። የሽጉጡን፣ ጣት የሚስበውን ነው።

ጋሼ መኮንንን ላስተዋውቃችሁ። ስልሳን የተሻገሩ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር የሚኖሩ፣ ከሰው ጋር ሰላምታ ከጀመሩ ፀሐይ ዞራ ጥላው ጥሏቸው እስኪሄድ የማይጨርሱ የጌታ ሰው ናቸው። ሥራቸው ጥበቃ ነው፤ ሌሊት ሌሊት አንድ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ደግሞ ክሬንሾው አካባቢ ቀን ቀን አረጋውያን ይንከባከባሉ። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። እሳቸው ሲገቡ እትዬ ሙሉ ይወጣሉ፣ እትዬ ሙሉ ሲገቡ እሳቸው ይወጣሉ። የቤታቸው አልጋ ዓመት እስከ ዓመት ቀዝቅዞ አያውቅም፤ ባልና ሚስቱ ግን አልተገናኙበትም። በር ላይ ሲተላለፉ አንዳቸው «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው» ይላሉ፣ ሌላኛቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ትዳራቸው ይኼው ነበር። እኔ እንኳ አንዴ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ባይ የማን ቤት እንግዶች ናቸው ልል ምንም አልቀረኝ።

ታዲያ ቶራንስ ከተማ ያለ አንድ የቢሮ ሕንፃ የቀን ጥበቃ ይፈልጋል ተባለ። ዴይ ሺፍት! ማታ ቤት መግባት! ከሚስት ጋር አንድ ማዕድ! እትዬ ሙሉ ይህን ሲሰሙ እንደ አዲስ ሙሽራ ሁለት ትራስ ገዙ። ግን ቦታው የሚሰጠው ሽጉጥ ታጥቆ ለሚጠብቅ ነው፤ ሽጉጥ ለመታጠቅ ደግሞ ፈተና አለ፤ ፈተናው ደግሞ ወረቀት ላይ የተሣለ ሰውዬን ደረቱን መምታት ነው። ጋሼ መኮንን አንድ ጊዜ ተፈትነው ወድቀዋል። ሁለተኛ ከወደቁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ትራሶቹም ወደ ሱቅ ይመለሳሉ።

አወዳደቃቸውስ? ደረት ያለሙት ጉልበት ይሆናል፤ ጉልበት ያለሙት መሬት። የወረቀቱ ሰውዬ ጋሼ መኮንን ሲደግኑበት እጁን ኪሱ ቢከት አይፈረድበትም ነበር። የሚሸበረው ከእግሩ ሥር ያለው አፈር ነው።

ሽጉጡ አዲስ ነው። የድሮ ሽጉጥ ከኋላው እንደ ዶሮ ኩክኒ ቀና የሚል መዶሻ ነበረው፤ ሊቆጣ መሆኑን ከሩቅ ታውቃላችሁ። ይኼኛው የለውም። መምቻ መርፌው ሆዱ ውስጥ በብረት ሞላ ተወጥሮ ነው የሚጠብቀው። እንደ አማት ማለት ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ሁሉ ነገር ውስጧ ነው። ምላጩን ስትስቡት መጀመሪያ እንደ ላላ ጫማ ዝም ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ ግድግዳ እንደገፋችሁ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ አሸዋ እንደበላ ጥርስ ክርክር ብሎ ባላሰባችሁት ሰዓት ይለቃል። ጋሼ መኮንን ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በሙሉ ክንዳቸው ይጎትቱታል። ያኔ አፈሙዙ ወደ ምድር ይሰግዳል።

የካፌው ሸንጎ ተሰየመ። ታክሲ ነጂው በላቸው ስልኩ ላይ ያላየው ነገር ስለሌለ ቀድሞ ፈረደ።

«ጋሼ፣ ሲምፕል ነው! ኦንላይን ለስላሳ ምላጭ ኦርደር ያደርጋሉ፣ የፋብሪካውን አውጥተው ቼንጅ ያደርጋሉ፣ በቃ!»

«አይቻልማ፣ ልጄ። ቀጣሪዎቹ ከፋብሪካ እንደወጣ ካልሆነ አንቀበልም ብለዋል። አንዲት ሞላ ከነካሁ ሥራው የለም።»

«ሶ… ይጸልዩበት» አለ በላቸው፤ ምክሩ አልቆበት።

«ሙሉ ጀምራለች» አሉ ጋሼ መኮንን።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ግን ዝምታ ለተማረ ሰው ነው። እኛ አገር ጠመንጃ ሲሻክር ሞራ ይቀባል አልኳቸው። ሞራ ከየት ይምጣ? ቅቤስ መች አነሰ! ፀጉር ሲደርቅ ቅቤ፣ ቆዳ ሲሰነጠቅ ቅቤ፣ አንጀት ሲታጠፍ ቅቤ፤ ብረት ከማን ያንሳል? አጎቴ በቅቤ በታሸ ጠመንጃው ጅብ ከነጥላው ነው የሚጥለው ብዬ አከልኩበት። ጅቡ እውነት ነው። ጥላውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

የዚያኑ ቀን እቤታቸው ሄድን። ጥይቱን አራግፈን ሌላ ክፍል ቆለፍንበት፤ ቀልድ ቢበዛብኝም በዚህ አልቀልድም። ከእትዬ ሙሉ ንጥር ቅቤ በማንኪያ ጨለፍንና ሽጉጡን ሆዱን ከፍተን አጠጣነው። ወዳጆቼ፣ ምላጩ ሐር ሆነ! ጋሼ መኮንን ስበው ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተባረክ» አሉኝ። እኔም ተባረኩ።

ቅቤ ግን የቅቤ ጠባዩን አይለቅም። ሽጉጡ ብረት ሳጥኑ ውስጥ ሲያድር ረጋ። በነጋታው ልምምድ ቦታ ስናወጣው ምላጩ ሲስቡት የሚሄድ፣ ሲለቁት ግን የማይመለስ ሆነ፤ ልክ ብድር እንደጠየቁት ዘመድ።

አሠልጣኟ ሚስ ሎሬይን ትባላለች። ክሬንሾው ተወልዳ ያደገች፣ ከፖሊስ ሥራ ጡረታ የወጣች፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ ናት፤ ፈታኟም እሷው ናት። ሽጉጡን ተቀብላ ባዶ መሆኑን አየች፤ ከዚያ አፍንጫዋን አስጠጋች።

«መኮንን፣ ይኼ የሚሸተኝ ምንድን ነው?»

«ኮረሪማ ነው።»

«ሽጉጥህ ውስጥ?»

«ትንሽ ኮሰረትም አለበት።»

ሚስ ሎሬይን እንደገና አሸተተች። ከዚያ «ራበኝ» አለችና ፈታታችው። ቅቤውን እየጠረገች፣ ለሽጉጥ የተሠራውን ዘይት በጠብታ እየነካች ፍርዷን ሰጠች። ምላጩ ደህና ነው፤ ፋብሪካ እንደሠራው ነው፤ ትንሽ ሻካራ ቢሆንም ሲሠራበት ይለሰልሳል። የታመመው ጣቱ ነው። ግድግዳው ጋ ሲደርስ «አሁን ሊጮህ ነው» ብሎ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ጣት ደግሞ አይስብም፣ ይነጥቃል። መድኃኒቱ እቤት በባዶ ሽጉጥ መለማመድ ነው። ጥይት ሌላ ክፍል፣ አፈሙዝ ወደ ጡብ ግድግዳ፣ ከሽጉጡ ጫፍ ላይ አንዲት ሳንቲም፤ ሳንቲሟ ሳትወድቅ ምላጩን መጨረስ። መቼ እንደሚለቅ ጣትህ ራሱ ማወቅ የለበትም አለቻቸው።

ጋሼ መኮንን ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፍ ሲነሱ ሥራቸው ይኸው ሆነ። ሳንቲሟ ግን መውደቅ ለመደች። ቀጭ፣ ኪል! ቀጭ፣ ኪል! የታችኛው ቤት ሰውዬ የቁማር መኪና ገዙ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፈተናው ሊደርስ ነው፤ እትዬ ሙሉ ትራሶቹን ከላስቲካቸው ሳያወጡ ቁምሳጥን ላይ ሰቅለዋቸዋል፤ ጋሼ መኮንን ተስፋ ቆረጡ።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ነው ታላቅ እህታቸው ከአገር ቤት የደወሉት። ጋሼ መኮንን ሁለት እጃቸው ሽጉጡ ላይ ስለነበር ልጠይቃቸው የመጣሁት እኔ ስልኩን ከፍቼ ድምፁን ለቀቅሁላቸው። «ቆዪ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ማለት ይችሉ ነበር። ግን ታላቅ እህት ናት! ሰላምታው ተጀመረ።

«ደህና ነሽ ወይ እቴ? ጤናሽስ? ልጆቹ ደህና? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ጎረቤቶቹ ደህና? ላሟ ወለደች? ዝናቡስ—»

ቀጭ።

ሳንቲሟ እዚያው ናት። አልተነቃነቀችም። ጋሼ መኮንን ሳንቲሟን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ጣታቸውን አዩ። እህታቸው ወዲያ ማዶ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ይህቺን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም። ምላጭ ማለት የእኛ አገር ጨዋ ሰው ነው። እናንተስ ገንዘብ ልትበደሩ ሰው ቤት ስትሄዱ ገና ከበር «ብር ስጠኝ» ትላላችሁ? መጀመሪያ ልል ልሉን ትመጣላችሁ፤ ጤና፣ ልጆች፣ የአየሩ ጠባይ። ከዚያ ጉዳዩ ጋ ትደርሳላችሁ፤ ግድግዳው እሱ ነው። እዚያ ስትደርሱ ከነጠቃችሁ ሰውየውም ይደነግጣል፣ እናንተም ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። እየተጨዋወታችሁ ግን ገፋ፣ ገፋ ስታደርጉት ነገሩ ሳይታወቅ ከአፋችሁ ይወጣል። ከወጣ በኋላም ጥድፍ ብሎ መሄድ ነውር ነው፤ በር ላይ ቆማችሁ ትንሽ ትቆያላችሁ። ምላጭም እንደዚያው ነው። ከተኮሳችሁ በኋላ ጣታችሁን ወርውራችሁ አትለቁትም፤ ቀስ አድርጋችሁ እስኪያንቋቋ ድረስ ብቻ ትሸኙታላችሁ፤ ያኔ ለሚቀጥለው እዚያው በሩ ላይ ያገኛችኋል። ጋሼ መኮንን ዕድሜ ልካቸውን ይህን ሲለማመዱ ኖረዋል። ይኸው ለሽጉጥም እንደሚሆን ስላላወቁ ነው የወደቁት።

የፈተናው ቀን ድራይቭ አድርጌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ከተኩስ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ከወረቀቱ ሰውዬ ፊት ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። «ደህና አደርክ? ቤተሰብ ደህና?» ጧ! ደረቱ። «ልጆቹስ አደጉ?» ጧ! ደረቱ። እልል ልል ስነሳ የቦታው ሠራተኛ በጣቱ አስቀመጠኝ።

ችግሩ የመጣው መጨረሻው ላይ ነው። የመጨረሻው ዙር በሰዓት ነው፤ ሚስ ሎሬይን ፊሽካዋን እስክትነፋ ጥይቱ ማለቅ አለበት። የእኛ ሰላምታ ደግሞ በሰዓት አልተሠራም። ጋሼ መኮንን ገና ስለ ሰውዬው አክስት ጤና ሲጠይቁ ጊዜው እየሄደ ነው። እኔ መስታወቱን በግንባሬ ልሰብረው ደረስኩ። «ያሳጥሩት! እንደ ዛሬ ልጆች ያሳጥሩት!» ብዬ ጮህኩ፤ መስታወቱ ግን ከተኩስና ከፊሽካ በቀር ድምፅ አያሳልፍም። ትራሶቹ ታዩኝ፣ ላስቲካቸው ሳይቀደድ ወደ ሱቅ ሲመለሱ።

ጋሼ መኮንን ግን ሞኝ አይደሉም። ከንፈራቸው ቆመና እንደገና ሲጀምር አጭር ሆነ። ጧ። ጧ። ጧ። የመጨረሻዋ ከፊሽካው ጋር እኩል ወጣች።

ሚስ ሎሬይን ወረቀቱን አውርዳ ቀዳዳውን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። እኔ በሩን ከፍቼ ስገባ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አልፈሃል። በጭንቅ፣ ግን አልፈሃል። መኮንን፣ ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«ከሰውዬው ጋር።»

«ምን አለህ?»

«ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር» አሉ ጋሼ መኮንን፤ ቀዳዳዎቹን እያዩ። «አሁን ግን እንጃ።»

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ያ የመጨረሻው ዙር እንዴት አጠረ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከብቱን ዘለልኩት» አሉኝ። «የከተማ ሰው ይመስላል፣ ከብት የለውም።»

ቦታውን አገኙ። ቶራንስ የገቡ ዕለት አለቃቸው መጀመሪያ ያላቸው ነገር «ይህን ሽጉጥ ከአፎቱ ስታወጣ እንዳላይህ» ነው። ያን ሁሉ የለፋነው እንዳይወጣ ነው ለካ! አይግረማችሁ፤ ሰው ብዙ ነገር የሚማረው ላለማድረግ ነው።

ከሳምንታት በኋላ እትዬ ሙሉን ፌርፋክስ ላይ፣ በርበሬ ከሚሸጠው ሱቅ ደጃፍ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደፍርሷል፤ ቆመው ያዛጋሉ። ደነገጥኩ።

«ምነው እትዬ፣ ሰላም አይደለም እንዴ? ጋሼ አሁን ማታ ማታ ቤት አይገቡም?»

«ይገባል እንጂ! እራታችንን እንበላለን፣ ጸሎታችንን እናደርሳለን፣ ከዚያ ይተኛል» አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አንተ፣ ያንኮራፋል! ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ አላውቅም ነበር፤ ለካ የጭነት መኪና ነው ያገባሁት። አንድ ቀን ዓይኔ አልተከደነም።»

ልቤ ራራ። እኔ ደግሞ ሰው ሲቸገር መላ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም።

«ታዲያ እትዬ፣ የድሮ አለቃቸውን አውቀዋለሁ። ልንገረውና ወደ ሌሊቱ ሥራ ይመልሳቸው?»

እትዬ ሙሉ ዘምቢላቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። ለምን እንዳዛወሩት የገባኝ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ነው።

«አንተ ቀልማዳ! ያንኮራፋል አልኩህ እንጂ ይሂድልኝ አልኩህ?»