የማይወድቅ ዳታቤዝ በርካሽ ለመምረጥ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ወሩ በገባ በሦስተኛው ረቡዕ። የተጠራው ለ8፡00 ሰዓት፣ የተጀመረው 8፡25።

ቦታ፦ የላውንደሪው ፎቅ፣ ከማሽን ክፍሉ በላይ ያለው ቢሮ። ከታች ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ጠረጴዛው ስለሚንቀጠቀጥ የጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ በዚሁ ይታይልን።

የተገኙ አባላት፦
1. ሊቀመንበር፣ የላውንደሪው መሥራችና ባለቤት፣ በሥራ ቦታ "ጋሼ"
2. ምክትል ሊቀመንበር፣ የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም፣ የማሽን ክፍል ኃላፊ
3. ገንዘብ ያዥ፣ የሊቀመንበሩ ታላቅ እህት
4. ካውያ ተኳሹ፣ የሠራተኞች ተወካይ
5. ጸሐፊ፣ ይህንን የሚይዘው

ተለዋጭ አባላት፦ ለእያንዳንዱ አባል አንድ፣ በድምሩ አምስት፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ሻይ ይዘው። ደንቡ የወጣው ሊቀመንበሩ የሐሞት ጠጠር ለማስወጣት በተኙበት ዓመት ሲሆን፣ በወቅቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሳሙና ግዢ የሚፈርም ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበር ያለው ሁሉ ተለዋጭ አለው። አባል ሲጎድል ተለዋጩ ቦታውን ይሞላል፤ ሊቀመንበሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከታጡ ደግሞ ምክትሉ ስብሰባውን ይመራሉ።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የኮምፒውተር ባለሙያው (የገንዘብ ያዧ ልጅ)፣ እንዲያስረዳ፤ የመስኮቷ ሠራተኛ (ልብስ ለደንበኛ የምታስረክበው)፣ እንድትጠየቅ። ቢሮው ስለጠበበ የመስኮቷ ሠራተኛ በተዋሰችው በርጩማ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሞልቷል። ተለዋጮቹ ሲታከሉ ፈስሷል።

አጀንዳ 1፦ የመስኮቷ ሠራተኛ ማመልከቻ

ጸሐፊው ማመልከቻውን አነበበ። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። የየትኛው ደንበኛ ልብስ የትኛው መስቀያ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ዳታቤዝ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ያለ ሲሆን፣ ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ወድቋል። በወደቀ ቁጥር ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር የምትፋጠጠው እሷ ብቻ ናት። በሦስተኛው ጊዜ ስልሳ አንድ ሰው ለሁለት ሰዓት ተኩል ተሰልፎ፣ በቃሏ እያስታወሰች አድላለች። ስልሳው የየራሱን ልብስ ወስዷል፤ የአንድ ዘፋኝ ወርቃማ ኮት ግን ለአንድ ቀያሽ ሄዷል። ዘፋኙ የተናገራትን በማመልከቻው ላይ መጻፍ አልፈለገችም። ዳታቤዙ የማይወድቅ ካልሆነ ከነገ ጀምሮ ሥራ አትገባም።

ገንዘብ ያዧ የማመልከቻው የእጅ ጽሑፍ እጅግ የሚያምር መሆኑን ገለጹ። ካውያ ተኳሹ ኮቱ ለምን እንዳልተመለሰ ጠየቁ። ሠራተኛዋ፣ ቀያሹ ተደውሎለት "ልክ ለእኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው" ማለቱን አስረዳች። ምክትሉ፣ ስልሳውን ያስታወሰ ሰው ስልሳ አንደኛውን ማስታወስ ለምን እንደሚከብደው ጠየቁ። ሠራተኛዋ ምክትሉን አይታ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ እንዲያዝ ጠይቃለች፤ ተይዟል።

ሊቀመንበሩ "ልጄ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" አሉ። ሠራተኛዋ "ቤተሰብ ከሆንንማ ጋሼ፣ አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ይቁሙልኝ" ስትል መለሰች። ሊቀመንበሩ ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አዘዙ። ትእዛዙ እንዲገባም አላዘዙም፤ ሁለቱም ግን ገብተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ 1፦ ማመልከቻው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳይታይ ፋይል ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ እስኪታይ ድረስም ሠራተኛዋ ሥራ ላይ እንዳለች እንዲቆጠር። ሠራተኛዋ ወረቀቱ እንዲመለስላት ብትጠይቅም የኮሚቴው ሰነድ ሆኗልና አይቻልም ተብላለች። ቁልፉ ጸሐፊው ኪስ ገብቷል።

አጀንዳ 2፦ የዳታቤዝ ደረጃ ስለመምረጥ

ባለሙያው በኢንተርኔት የሚከራየውን ዳታቤዝ ሦስት ደረጃዎች አስረዳ። ዝቅተኛው አሁን ያለን ነው፤ አንድ ማሽን፣ ሲወድቅ ወደቀ። መካከለኛው ሁለት ማሽን ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው በሌላ ሕንፃ ሆኖ የሚጻፈውን ሁሉ ይገለብጣል፤ የመጀመሪያው ሲወድቅ በደቂቃ ውስጥ ይተካዋል። ኪራዩም እጥፍ ነው። ስለ ከፍተኛው ሊያስረዳ ሲል እናቱ እንዲቀመጥ ምልክት ሰጥተውታል።

ገንዘብ ያዧ፣ ልጃቸው ስለሆነ እንደማያፍሩበት ገልጸው፣ ሁለተኛው ማሽን የመጀመሪያው ባልወደቀበት ቀን ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ባለሙያው "ይጠብቃል" አለ።

"ቁጭ ብሎ?"

"አዎ እማዬ፣ ቁጭ ብሎ።"

"እና እኛ እየከፈልን?"

ባለሙያው የኋላውን አግዳሚ ተመለከተ። ተለዋጮቹ ሻያቸውን አስቀመጡ።

ካውያ ተኳሹ፣ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ማሽን ባህሪው ስለሚበላሽ ሁለቱ በየሳምንቱ ፈረቃ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያው፣ አንደኛው ፈረቃውን ጨርሶ ሲተኛ ሌላው ቢወድቅ ማን እንደሚያነሣው ጠየቀ። ካውያ ተኳሹ፣ እሱ የባለሙያው ራስ ምታት መሆኑን ገለጹ። ምክትሉ ደግሞ፣ ሁለተኛው ማሽን የመጀመሪያው በሚወድቅባቸው ሰዓታት ብቻ እንዲከራይ፣ ለዚህም ባለሙያው የዓመቱን የመውደቂያ ሰዓታት ዘርዝሮ እስከ አርብ እንዲያቀርብ አሳሰቡ። ባለሙያው ውኃ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ተሰጥቶታል።

8፡47 ላይ የሊቀመንበሩ ስልክ ጠራ። የደወሉት ባለቤታቸው ሲሆኑ፣ ከታች መስኮቱ ጋ ቆመው እንደሚጠብቁ፣ መስኮቱ ላይ ግን ሰው እንደሌለ፣ ሊቀመንበሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለልጃቸው ምርቃት የሚለብሱት ቡናማ ጃኬት እዚያው እንዳለ ማስታወሳቸው ከጩኸቱ ለመረዳት ተችሏል። ሊቀመንበሩ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ካውያ ተኳሹ ተከትለዋቸው ወጡ። የምክትሉ፣ የገንዘብ ያዧና የጸሐፊው ተለዋጮችም ሻይ ለመጨመር ወጡ።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ምክትሉ በደንቡ መሠረት የሊቀመንበሩን ወንበር ያዙ። የሊቀመንበሩና የካውያ ተኳሹ ተለዋጮች ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። አምስት ሰው ስለሞላ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ 2፦ መካከለኛው ደረጃ እንዲከራይ። ምክትሉ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ወንበሩ ከተጠበቀው በላይ የሚመች መሆኑን በግል ገልጸዋል።

9፡05 ላይ ሊቀመንበሩ ከካውያ ተኳሹና ከሦስቱ ተለዋጮች ጋር ተመልሰው፣ ዳታቤዙን በተመለከተ ውሳኔ ላይ መደረሱን አበሠሩ። ምክትሉ፣ ዜናው እንዴት ኮሪደር እንደደረሰ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ስለ የትኛው ዜና እንደሚያወሩ ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ የሚከተለው ታወቀ። ሊቀመንበሩ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ስብሰባው እሳቸው ባሉበት ነው ብለው በማሰብ ቀጥለዋል። ክፍሉ ውስጥ የቀሩትን ሦስት አባላት እንደጎደሉ ቆጥረው በተለዋጮቻቸው ተክተዋል። እዚያም አምስት ሰው ሞልቷል። ተለዋጭ ጸሐፊውም በልብስ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ቃለ ጉባኤ ይዟል፤ እንዲህ ይላል።

ውሳኔ 2፦ ዝቅተኛው ደረጃ ባለበት እንዲቀጥል።

ሊቀመንበሩ፣ ምክትሉ ከወንበራቸው እንዲነሡ ጠየቁ። ምክትሉ፣ ሊቀመንበሩ ታጥተው እንደነበር ገለጹ። ሊቀመንበሩ "የት ሄድኩና ነው የታጣሁት? ግድግዳው ማዶ ነበርኩ" አሉ። ምክትሉ "ከዚህ ሆኜ ስመለከት አይታዩም" አሉ። ሊቀመንበሩ፣ የምክትሉን እህት ሲያገቡ በጊዜው የተሰጣቸውን ምክር እንዳልሰሙ አስታወሱ። ገንዘብ ያዧ ይህ ከአጀንዳው ውጭ ቢሆንም እውነት መሆኑን ገለጹ።

በዚህ መካከል ባለሙያው ከስብሰባው መጀመሪያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በርቶ ተነሣ። ሁለት ማሽን ብቻ ሲኖር የሚፈራው በሽታ ይኸው መሆኑን፣ መሐላቸው ያለው መስመር ሲቋረጥ እያንዳንዱ ሌላውን ሞተ ብሎ ሥራውን እንደሚይዝ፣ መድኃኒቱም ሁለቱንም የሚያይ፣ ሥራ የማይሠራ፣ ማን እንዳለ ብቻ የሚናገር ሦስተኛ ምስክር መሆኑን አስረዳ። ገንዘብ ያዧ "ሌላ ቁጭ የሚል?" ሲሉ ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ፣ ክፍሉንም ኮሪደሩንም ያየ ሰው እንዳለ ጠየቁ። ሁሉም ወደ በሩ ደፍ ዞረ።

የመስኮቷ ሠራተኛ፣ ሁለቱንም ስብሰባ ማየቷን፣ ሁለቱም የሞሉ እንደነበሩ፣ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ለመናገር ግን እንደሚቸግራት ገለጸች። አክላም፣ ማንም ሳይቀየም ነገሩ የሚቋጨው ከ8፡25 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ ሳይለይ ቢሻር እንደሆነ በትሕትና አስገነዘበች። ሊቀመንበሩ የምክትሉ ውሳኔ ስለሚሻር፣ ምክትሉ የሊቀመንበሩ ስለሚሻር፣ ገንዘብ ያዧ ወጪ ስለማይኖረው ሐሳቡን ወደዱት። የትኞቹ አምስት ድምፅ እንደሚሰጡ መስማማት ባለመቻሉ አሥሩም እጃቸውን አወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ በክፍልም ሆነ በኮሪደር የተላለፉ ውሳኔዎች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ተሽረዋል።

ሠራተኛዋ ተነሥታ እጇን ወደ ጸሐፊው ዘረጋች። ጸሐፊው ምን እንደምትፈልግ ጠየቀ። "ማመልከቻዬን" አለች። ጸሐፊው መዝገቡን ሲያገላብጥ ውሳኔ 1ም ከተሻሩት ውስጥ መሆኑን አረጋግጦ ፋይሉን ከፈተ። ሊቀመንበሩ እሱን ለማለት እንዳልፈለጉ ገለጹ። ባለሙያው "አንድም ሳይቀር" የሚለውን ድጋሚ አነበበላቸው። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ፣ "ከነገ" የሚለውን ሰርዛ "ከአሁን" ብላ ቀኑን ከጻፈችበት በኋላ ሊቀመንበሩ ፊት አስቀመጠችው።

ሊቀመንበሩ የመስኮቷ ተለዋጭ ከታች እንድትጠራ አዘዙ። ዝርዝሩ ታየ። ሊቀመንበሩ፣ ምክትሉ፣ ካውያ ተኳሹ፣ ሻይ አፍዪዋ ሳትቀር ተለዋጭ አላቸው። መስኮቱ የለውም። ደንቡ ወንበር ላለው ነው የሚለው፤ መስኮቱ ላይ ግን ሥራው በቁም ስለሆነ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም።

ባለሙያው፣ ዳታቤዙ ከ8፡40 ጀምሮ ወድቆ እንዳለ አሳወቀ። ለምን እንዳልተናገረ ሲጠየቅ፣ ሁለት ጊዜ እጁን አንሥቶ ዕድል እንዳልተሰጠው አስረዳ።

የሊቀመንበሩ ባለቤት ድጋሚ በመደወላቸው ስብሰባው 9፡52 ላይ ምንም ሳይወስን ተዘግቷል።

ስብሰባው ከተዘጋ በኋላ የሆነው በቃለ ጉባኤ መግባት እንዳለበት ጸሐፊው እርግጠኛ አይደለም። ሊቀመንበሩ ሠራተኛዋን ደረጃው ላይ ደርሰውባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ጃኬቱ ጠየቋት። ሳትዞር "ሦስተኛው መደዳ፣ ከበሩ ሰባተኛው። አንድ ቁልፍ ላልቶ ነበር፣ አስጠብቄልዎታለሁ" አለች። በተባለው ቦታ ተገኝቷል። ሊቀመንበሩ ለብሰውት፣ ሰልፈኛው "ጋሼ፣ የኛስ?" እያለ ስለያዛቸው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መስኮቱ ላይ ቆመዋል።